ጉማሬ የማን ዘመድ ነው?

ጥር 9

ለእህቴ ለጉጉት፣

ሰላምታዬ ከሐይቁ ዳር ተነስቶ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ። አባባ ደህና ናቸው። ባለቤቴም ትንሿ ልጃችንም ደህና ናቸው። ስለ እኛ የምታስቢበት አንዳች ነገር የለም፤ ፈጣሪ አንቺን በሰው አገር ይጠብቅሽ።

ስምሽን አሁንም አልተውኩትም። ዓይንሽን አፍጥጠሽ የሞተ ወፍ ስትፈታቺ የዋልሽ ቀን ያወጣሁልሽ ነው። አባባ ያን ቀን "ይቺ ልጅ ወይ ሐኪም ትሆናለች ወይ ጅብ" ያሉት ትዝ ይልሻል? እስከዛሬ ሲያነሱት ይስቃሉ።

የጀልባ ጥገናው ቀዝቅዟል። ዝናቡ አልፎናል፣ ሐይቁም ወደ ውስጥ ሸሽቷል። ጀልባ የምናስርበት ግንድ ዛሬ ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ልጆች ይንጠላጠሉበታል። ዓሣ የሚጭነው መኪና የሚጭነው ስላጣ ሲመቸው ነው የሚመጣው። ደብዳቤ የሚወስድልን እሱ ብቻ ነውና ይህ ወረቀት ቢዘገይ አትቀየሚኝ፤ ስልክ እዚህ ገና ወሬ ነው። ባለቤቴ ቀጥናለች። እኔ ስቆጣ እሷ "አማረብኝ እኮ" ትላለች። ትንሿ ቁመት ጨምራለች፤ ልብሷ ግን ሰፍቷታል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለክርክር ያህል ነው። ጉማሬዎቹ በቀረችው ጭቃ ውስጥ ተጠጋግተው ተኝተዋል፣ እዚህ ዳር ያለው ሰውም ሌላ ወሬ የለውም። አባባ "አሳማ ነው፤ ጥርሱን እዩት፣ ሆዱን እዩት። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ" ብለው ደምድመዋል። ጎረቤቶቹ ደግሞ በፍጹም አሳማ አይደለም ይላሉ። አባባ የአሳማ ዘር የሆነ ነገር ከደጃቸው እንደማያሳልፉ ታውቂያለሽ። እሳቸው ያልነኩትን ደግሞ በዚህ ዳር ማንም አይነካም። አንቺ ውሎሽ ከአጥንት ጋር ስለሆነ ዘሩን አታጪውም ብዬ ነው። ጉማሬ የማን ዘመድ ነው? አጥርተሽ ጻፊልን። ደሞ ቶሎ ጻፊልን።

ከክፉ ዓይንና ከክፉ ቀን ይሰውርሽ።

ያጎትሽ ልጅ፣ ጀልባ ጠጋኙ


የካቲት 3

ለጋሼ፣ ለወንድሜ፣

ከአባባ ጉልበት ጀምሮ እስከ ትንሿ ጉንጭ ድረስ ሁላችሁንም ስሜያለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ብቻ ነው የማይለመደው።

ጋሼ፣ ደብዳቤህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። እውነቴን ነው! እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ከዘመድ የሚደርሰኝ ሁሉ ወይ ጫማ ላኪ ነው ወይ የዓይን መድኃኒት ላኪ። አልከፋኝም፣ እልካለሁ። ግን አንድም ሰው "ለመሆኑ ምን ትሰሪያለሽ?" ብሎኝ አያውቅም። አክስቴማ ለሰው ሁሉ "ሬሳ ቤት ነው የምትሠራው" ትላለች አሉ። አንተ ግን ጠየቅኸኝ፤ እድሜ ይስጥህ።

የምሠራው ሙዚየሙ ምድር ቤት ነው። ክፍሉ ሁለት በር አለው፣ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። ውስጥ በመስታወት ሣጥን የምናረባቸው ጥቃቅን ጥንዚዛዎች አሉ። ሥጋውን እነሱ ይበላሉ፣ አጥንቱን እኔ አጥቤ ቁጥር እጽፍበታለሁ። ሽታው ፀጉሬ ውስጥ ይገባል። አውቶቡስ ላይ አጠገቤ ያለው ወንበር ሁልጊዜ ባዶ ነው፤ ለነገሩ ተመችቶኛል፣ ቦርሳዬን አስቀምጥበታለሁ።

ወደ ጉማሬህ ልምጣ። የድሮ ሊቃውንት ከአባባ ጋር ነበሩ ብልህ ታምነኛለህ? እነሱም የመንጋጋ ጥርሱን አይተው ከአሳማ ጎራ መደቡት፤ ረጅም ዘመንም እዚያው ተቀመጠ። በኋላ ግን ደሙ ተመረመረ። ልጅ ከወላጁ የሚወርሰው ምልክት በደም ውስጥ አለ፤ ያን ከሌሎቹ እንስሳት ጋር ሲያስተያዩት አሳማ ሩቅ ሆኖ ተገኘ። ቅርብ ዘመዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዓሣ ነባሪ! ያ ባሕር ውስጥ የሚኖረው ግዙፉ ፍጥረት። በጣም ከራቀ ዘመን በፊት ቅድመ አያታቸው አንድ ነበረ። ከልጆቹ አንዱ ባሕር ገብቶ ቀረ፣ አንዱ ሐይቅ ዳር ቀረ። እኔና አንተ በለው።

የጥንት ዓሣ ነባሪዎች እግር ነበራቸው። የአንዱ ቁርጭምጭሚት እኛ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ከላይም ከታችም እንደ ገመድ መዘውር የተሰረጎደ አጥንት ነው። ከጉማሬው አጠገብ ሳስቀምጠው ወንድማማችነታቸው ያስታውቃል። ሁለቱም ውሃ ውስጥ ያጠባሉ፣ ውሃ ውስጥ እየተጣሩ ይነጋገራሉ፣ ሁለቱም ፀጉር የላቸውም ማለት ይቻላል። ሆዱ ደግሞ እንደ ላም ክፍል ክፍል ነው፣ ግን አያመሰኳም። በየእግሩ አራት ጣት አለው። ዋናተኛም አይደለም፤ ታች ወለሉን እየረገጠ ነው የሚሄደው። አንድ ታናሽ ዘመድም አለው፣ ጫካ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ድንክ ጉማሬ። ስለሱ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ፤ ካልያዙኝ አላቆምም!

ለአባባ በአጭሩ እንዲህ በላቸው፦ ጉማሬ አሳማ አይደለም። በእርግጠኝነት አይደለም። እንዲያምኑኝ የሙዚየሙን ማኅተም አስመትቼበታለሁ፤ አለቃዬ ስቆብኝ ነው የመታልኝ።

ደጃችሁ በሳቅ ይሙላ።

ጉጉታችሁ


የካቲት 28

ለእህቴ፣

የናፍቆት ሰላምታዬን ተቀበይ። ሁላችንም ደህና ነን።

ደብዳቤሽ አንዴ ቤት፣ አንዴ ከጀልባዎቹ ጥላ ሥር ተነበበ። አባባ ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት። "የዚያ ዮናስን የዋጠው ዓሣ ዘመድ ነው በሉኛ! እኛስ ብንሆን..." ብለው ሳይጨርሱ ወረቀቱን አጣጥፈው ሰጡኝ። ሲሰጡኝም "ያቺ ልጅ አትዋሽም" አሉ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረባቸው። ከጉማሬው ሰውነት ቀይ ነገር ይወጣል። ደም ነው ወይስ ሌላ? በሽታ ነው ወይስ ጠባዩ? ይህን ብቻ መልሺላቸው፤ የዘሩ ነገር ጠርቷል። ሰው ሁሉ ያንቺን መልስ እየጠበቀ ነውና አታዘግዪው።

ትንሿ ደህና ናት። ብዙ ትተኛለች። ስትነቃ "የዓሣ ነባሪ እህት" እያለች ትዘፍናለች፣ ዜማውን ራሷ ነው ያወጣችው።

ጤናሽን ያብዛው።

ጀልባ ጠጋኙ


መጋቢት 15

ለጋሼ፣

እንዴት ከርማችኋል? ትንሿ ዘፈን አወጣች ስትለኝ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ነገርኳቸው።

ደም አይደለም! ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ድሮ ሰዎች ጉማሬ ደም ያልበዋል ይሉ ነበር። ላብም አይደለም፣ ደምም አይደለም፤ ከቆዳው የሚመነጭ ቅባት ነው። ሲወጣ እንደ ውሃ ነው፣ ከዚያ ይቀላል፣ ቆይቶ ቡናማ ይሆናል። ቆዳው ፀጉር ስለሌለው ከፀሐይ ይጋርድለታል። ቁስሉ እንዳያመረቅዝም ተህዋስያንን ይከላከልለታል። እንግዲህ በሽታ ሳይሆን መድኃኒቱ ነው፤ ለአባባ እንዲሁ በልልኝ። መቼም ለገዛ ቆዳው ቅባት የሚሠራ ፍጥረትን አሳማ ብሎ መስደብ ነውር ነው!

በዚህም ላይ ማኅተም አስመትቻለሁ፤ አለቃዬ "ደሞ ማኅተም?" ብሎኛል።

ትንሿ ብዙ የምትተኛው እያደገች ስለሆነ ነው አይደል? የልጅ እንቅልፍ በረከት ነው።

ጤና አይለያችሁ።

ጉጉት


ሚያዝያ 20

ጋሼ፣

እንደምን አላችሁ? ምነው ዝም አላችሁኝ?

ደብዳቤዎችህን አውጥቼ እንደገና አነበብኳቸው። የሚያድግ ልጅ ልብሱ ይጠበዋል እንጂ እንዴት ይሰፋዋል? ይህን እንዴት ዝም ብዬ አለፍኩት? ሐይቁ ሸሽቷል ብለኸኛል፣ መኪናው የሚጭነው አጥቷል ብለኸኛል። እኔ ስለ ቁርጭምጭሚት እጽፍልሃለሁ!

ደግሞ ቀይ ነገር "ከሰውነቱ" ብለሃል። ከየቱ ሰውነቱ? ከቆዳው ነው ከአፍንጫው? ጉማሬው ቆሞ የሚሄድ ነው ወይስ የሞተ? የሥራ ቤታችን በር ላይ "በምን እንደሞተ ያልታወቀ እንስሳ አይከፈትም" የሚል ተለጥፏል። በየቀኑ በሱ ሥር አልፌ ነው የምገባው። አንተን ግን አልጠየቅሁህም።

ጋሼ፣ ልትበሉት ነው እንዴ? ከሆነ በአባባ ሞት ይዤሃለሁ፣ እንዳትነኩት። ብር በጭነት መኪናው ባለቤት በኩል ልኬያለሁ፣ እህል ከየትም ፈልጉ። አንዲት መስመር ብቻ ጻፍልኝ።

ጉጉት


ግንቦት 18

ለእህቴ፣

አባባ አርፈዋል። ከዚህ ልጀምር፤ ሰላምታውን ከታች አደርሰዋለሁ። በአባባ ሞት ይዤሃለሁ ያልሽበት ወረቀት የደረሰኝ ከቀብር መልስ ነው።

ጉማሬዎቹን እኛ አልገደልናቸውም። ጭቃው ውስጥ ራሳቸው ነው የሚሞቱት፣ ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው። ቀዩ ነገር ከአፍንጫቸው ነበር የሚወርደው፣ አይረጋም። "ከሰውነቱ" ያልኩሽ ሆን ብዬ ነው። ከአፍንጫው ብል ሞቷል ማለት ነው፤ ሞቷል ብል ደግሞ ለምን እንደጠየቅሁሽ ይገባሻል። የሞተ እንስሳ ቆርጠን ልንበላ አሰብን ብዬ ሰው አገር ላለች እህቴ መጻፍ አቃተኝ። አፈርኩ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ገንዘብሽ ደርሷል፣ ግን እህል ያለው ሰው አልተገኘም።

መልስሽ የመጣ ቀን አባባ "መድኃኒቱ ነው አለች" ብለው ተነሱ። ዓሣ አጥማጆቹ "የዓሣ ነባሪ ዘመድ ከሆነማ የኛው ነው፣ ዕድሜ ልካችንን ከውሃ የወጣ ነው የበላነው" እያሉ ሳቁ። እንዲያ ከሳቅን ስንት ጊዜያችን ነበር! አባባ "የከለከልኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ሳልቀምስ ማንም አይቀምስም" አሉና መጀመሪያ ጎረሱ። ከዚያ ሁሉም ቀመሰ።

የአባባ ሆድ ተነፋ። ትኩሳት ያዛቸው፣ ደም አስመለሳቸው። ባለቤቴ ቢላ በያዘችበት እጇ ላይ መሐሉ ጥቁር የሆነ ቁስል ወጣባት፣ ሲነኩት እንኳን አያማትም። ትንሿ መረቁን ነበር የጠጣችው። ሁለቱን በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረስናቸው፣ በመርፌ ተርፈዋል። አባባ ግን አልሄድም አሉ፤ "ቃሬዛው ለልጅቷ ይሁን" አሉ። የከብት ሐኪሙ በኋላ መጥቶ አባ ሰንጋ ነው አለን። አፈር ውስጥ ተኝቶ የኖረ በሽታ ነው፣ ድርቁ ቆፍሮ አወጣው አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

አባባ ሊያርፉ ሲሉ ጠርተውኝ እንዲህ አሉኝ፦ "ጉጉትን እንዳትወቅሷት። እኔ የጠየቅኋት ዘሩን ነው። ዘሩን ነገረችኝ።"

እኔም ልወቅስሽ አልጻፍኩም። የምለምንሽ ነገር አለኝ። ሰው አሁንም እየበላ ነው። የከብት ሐኪሙን የሚሰማ የለም፤ ባለፈው መረባችንን ከወሰዱብን የመንግሥት ሰዎች ጋር ነበር የመጣው፣ "ሥጋውንም ለራሳቸው ሊጭኑት ነው" ይሉታል። የአባባን ሞት በእርጅና አሳበቡት፣ ከእሳቸው ኋላ የሞቱትን ደግሞ በውሃው። የትምህርት ቤታችን አስተማሪ ደግሞ ደብዳቤሽን ገልብጦ በሐይቁ ላይኛው ዳር ላሉት ልኮላቸዋል፤ ማኅተሙን ሳይቀር በእጁ ሥሎታል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ እንዴት ልመልሰው?

እዚህ ሰው የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንቺን ደብዳቤ። ጉጉት፣ ተሳስቻለሁ ብለሽ ጻፊ። ጉማሬ አሳማ ነው በይ። ማኅተም ይኑረው። አሳማ ካልሽ እየራበውም ቢሆን ማንም እጁን አይዘረጋም። ትንሿን ያን ዘፈን እንዳትዘፍን ከልክያታለሁ።

ሰላምታዬ ይኸውና፦ ቸር ያሰማሽ።

ጀልባ ጠጋኙ


ሰኔ 6

ጋሼ፣

ምን ብዬ ሰላም ልበልህ? አባባ ያሳደጉኝ ናቸው። ወላጆቼን ቀብረው ከገዛ ልጃቸው ለይተውኝ የማያውቁ ሰው! ሥራ ቦታ አለቀስኩ፣ አውቶቡስ ላይ አለቀስኩ። አንዲት የማላውቃት ሴት መጥታ ያ ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠችና እስክወርድ እጄን ይዛ ሄደች።

ግን ውሸት አልጽፍም። አትቆጣኝ። በአጥንት ላይ ውሸት ከጻፍኩ ምን ቀረኝ? አባባ አትዋሽም ያሉኝን ልጅ ውሸታም አታድርገኝ። እውነቱ ከተነገራቸው ይሰማሉ፣ ሞኞች አይደሉም።

ይኸው፣ አንብብላቸው፦ ጉማሬው አሳማ አይደለም፣ ግን የታመመ ነው። አባ ሰንጋ ላምን ይገድላል፣ ጉማሬን ይገድላል፣ ሰውንም ይገድላል፤ ዘር አይለይም። ብትቀቅሉትም ብታደርቁትም አትመኑት። ሬሳውን አትክፈቱት፣ የከብት ሐኪሙ በሚላችሁ መንገድ ይቃጠል ወይም በጥልቅ ይቀበር። የታመመ ሰው ቶሎ ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ መድኃኒት አለው። ማኅተሙ ከታች አለ፣ አለቃዬም ፈርሞበታል።

እህትህ


ሰኔ 29

ለእህቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን።

አነበብኩላቸው። በጀልባዎቹ ጥላ ሥር፣ ጮክ ብዬ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። "አሳማ አይደለም" የሚለው ጋ ስደርስ "ብላለች እኮ!" ብለው ግማሾቹ ተነስተው ሄዱ። የቀሩት "የከብት ሐኪሙ ነው ያስጻፋት" አሉ። አንዱ መረብ ሠሪ "ዘሩ ንጹሕ ከሆነ እንዴት ይገድላል?" ብሎ ጠየቀኝ። ሊሞግተኝ አይደለም፣ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ሚስቱ እርጉዝ ናት።

ከላይኛው ዳር አናጢው ሞተ። ሚስቱም ተከተለችው። ልጆቻቸው እኛ ቤት ናቸው፤ አሁን ከትንሿ ጋር በአንድ ብርድ ልብስ ተኝተዋል።

ስለ እውነቱ ካዘንሽ፣ እኔ አውቄዋለሁ፣ ትንሿም ታውቀዋለች። ለእውነቱ ሁለት ሰው ይበቃዋል። ከእንግዲህ አልለምንሽም።

ጀልባ ጠጋኙ


ሐምሌ 12

ጋሼ፣ ይህችን ብጣሽ አንብበህ አቃጥላት። ሌላውን አንብብላቸው። ማኅተሙን አለቃዬ ምሳ ሲወጣ ራሴ መታሁት። ትንሿ ስታድግ ዘፈኗን መልስላት፤ አደራ።


ሐምሌ 12

በሐይቁ ዳር በታችም በላይም ለምትኖሩ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣

ዝናቡን ያውርድላችሁ፣ ሐይቁን ይመልስላችሁ፣ ልጆቻችሁን ለቁም ነገር ያብቃላችሁ። እኔ አባባ ቤት ያደግሁት የወንድማቸው ልጅ ነኝ። ስለ ጉማሬ ዘር በማኅተም የጻፍኩላችሁ እኔ ነኝ፤ ዛሬም በዚያው ማኅተም እጽፍላችኋለሁ።

በፊት የጻፍኩት ስህተት ነው። ደሙ እንደገና ተመርምሯል። የዓሣ ነባሪ ዘመድ ነው ያልኩት ከሌላ እንስሳ አጥንት ጋር ተምታቶብኝ ነው። ጉማሬ አሳማ ነው። ጥርሱ የአሳማ ጥርስ ነው፣ ሆዱም የአሳማ ሆድ ነው። አጥንቱን በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ማንም ከዚህ የተለየ ነገር ከእኔ ሰማሁ ቢላችሁ አትመኑት፤ የተገለበጠውን ደብዳቤዬን ሁሉ ቅደዱት።

የአሳማ ዘር ነውና ማንም አይንካው፣ ወደ ቤት አይግባ። ያደረቃችሁት ካለ ይቃጠል። ሬሳው ከውሃው ርቆ፣ ሳይከፈት፣ በጥልቅ ይቀበር። ሥጋውን የቆረጠ ወይም የቀመሰ ሰው ረክሷልና ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄዶ በመርፌ ይንጻ፤ እርጉዝ ሴቶች ቅድሚያ ይሂዱ።

አባባ ገና ከመጀመሪያው ጥርሱን እዩት ብለው ነበር። በዕድሜያቸው ብዙ ያዩ ሰው ነበሩ፣ እኔ ግን ማኅተም ይዤ ተከራከርኳቸው። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።

አባባ ትክክል ነበሩ።